ዋስ የሌላት ጎብኚ

ዘበኛዋ ያቀበለቻት ኩታ ለብ ያለ ነበር፤ ገና አሁን ከሰው ትከሻ ላይ የወረደ ይመስላል። ጥሩአየር ደረበችውና አንገቷን ዝቅ አደረገች። ከጥለቱ ውስጥ ሁለት ቀጫጭን ጥፍሮች ወጥተው ማጅራቷን ቆንጠጥ አደረጓት። ይህን ማንም ከቁም ነገር አይቆጥረውም። የአዲስ አበባ ሙዚየሞች ዕቃ በመስታወት ሣጥን ማሳየት ከተዉ ሠላሳ ዓመት ሆኗቸዋል። አሁን ጎብኚው የስሜት ኩታ ይደርባል፤ ኩታው ከነርቭ ጋር እየተነጋገረ ያለፈውን ዘመን ብርድና ሸክም በገላው ላይ ያመጣለታል። የስሜቱን ጉልበት የሚገድበው «ልጓም» የሚባል ክፍል አለው፤ ልጓሙ እያለ ማንም አይጎዳም።

«ስም?» አለች ዘበኛዋ። ሐረገወይን እንደምትባል ደረቷ ላይ ተጽፏል።

«አልማዝ ከበደ» አለች ጥሩአየር፣ ዓይኗን በጨው አጥባ።

«በሰላም መግባትዎን የሚጠይቅ ሰው ስምና ስልክ?»

«የለም። ባዶውን ይለፍ።»

ሐረገወይን ቀና ብላ አየቻትና ባዶውን አሳለፈችው።

ጥሩአየር ሌባም ሽፍታም አይደለችም። ደብረ ብርሃን ውስጥ በውሃ ላቦራቶሪ የምትሠራ፣ የሠላሳ ስምንት ዓመት፣ ከሁለት ዓመት በፊት ትዳሯን የፈታች ሴት ናት። በዚያች ከተማ ስታስነጥስ ሦስት ሰፈር ይማርሽ ይላል። ምን በላች፣ ማን ቤቷ ገባ፣ ባሏ ለምን ሄደ፤ ሁሉም ነገሯን ይጠይቃታል፣ እሷን የሚጠይቃት ግን የለም። ስለዚህ በዓመት አንድ ቀን በጠዋቱ ባቡር ትመጣለች፣ ማንም ሳያውቃት ሙዚየም ለሙዚየም ስትዞር ትውላለች፣ በአሥራ ሁለት ሰዓቱ ባቡር ትመለሳለች። ያቺን ቀን ስሟን እንኳ ቤቷ ትታ ነው የምትወጣው። ደስታዋ ይኸው ነው፤ ለሌላው ምን ጨነቀው።

ጠዋት የዝናብ ሙዚየም ገብታ የድሮ ሐምሌ አጥንቷ ድረስ አርሷት፣ ደረቅ ልብሷን እንደለበሰች ወጣች። ቀጥሎ የታክሲ ሙዚየም ነበር። እዚያ አንድ ሰማያዊና ነጭ ሚኒባስ አለ፤ አሥራ ስምንት ጎብኚ ከፍሎ ይታጨቅበትና «ጠጋ ጠጋ በሉ» የሚል የረዳት ድምፅ እየጮኸበት ይስቃል። አያቶቻችን ሲያማርሩበት የኖሩትን መጋፋት እኛ ወረፋ ይዘን እንገዛዋለን። በመጨረሻ የገቡት ግራጫ ባርኔጣ ያደረጉ ሽማግሌ ነበሩ። መቀመጫ ሲያጡ ጥሩአየር ጠጋ አለችላቸው፤ ጉልበቷ ጎናቸውን እየወጋቸው አብረው «መገናኛ» ደረሱ። ከዚያም ሳይተዋወቁ ተለያዩ።

ሦስተኛው ይህ የሙግት ሙዚየም ነው። ስልክ ከኩታው ጋር ስለማይስማማ ደጅ ይቀመጣል።

«እድለኛ ነዎት» አለቻት ሐረገወይን ስልኳን እየተቀበለች። «ዳኛው ዛሬ የመጨረሻ ቀኑ ነው። ነገ አዲስ ይተካል።»

«አሮጌውስ?»

«ይነቀላል። ይደምሰስ ወይስ ለክፍለ ሀገር ሙዚየም ይሰጥ ገና አልተወሰነም። ትንሽ ቢያረጅም ጨዋታ ያውቃል፤ አይፍሩት።»

ጥሩአየር አልፈራችም፤ ያኔ።

አዳራሹ ክብ ነው። መካከሉ ላይ ከብርሃን የተሠራ ዋርካ ቆሟል፤ ዳኛው ማለት የዚያ ዋርካ ድምፅ ነው፣ ጎብኚዎችን ከሳሽና ተከሳሽ እያደረገ ሲያጫውት የኖረ መሣሪያ። ሰኞ ከሰዓት በመሆኑ ሰው አልነበረም። የእጅ ቦርሳዋን ድንጋይ አግዳሚ ላይ አኖረችና ግድግዳውን ማንበብ ጀመረች። በድሮ ዘመን፣ ይላል ጽሑፉ፣ የተበደለ ሰው «በሕግ አምላክ» ካለ፣ እንኳን የሚያውቀው መንገደኛም ቢሆን ባለበት ይቆማል። ዳኛ ፊት እስኪደርሱ ከሳሽና ተከሳሽ በልብሳቸው ጫፍ ይቋጠራሉ፤ ይህ ቁራኛ ይባላል። አብረው ይበላሉ፣ አብረው ይተኛሉ። የሚያላቅቃቸው ፍርድ ነው፣ አለዚያም ዋስ።

ዞር ስትል ቦርሳዋ የለም። ግራጫ ባርኔጣ ያደረጉት የሚኒባሱ ሽማግሌ ሳታያቸው ገብተው ኖሮ፣ አንጠልጥለውት ወደ በሩ እየሄዱ ነው።

«በሕግ አምላክ! ይቁሙ!» አለች። ግማሹ ቀልድ ነበር፤ ያነበበችውን መሞከር አምሯታል። ግማሹ ግን እውነት ነው፣ ቦርሳው የእሷ ነው።

ሽማግሌው ባሉበት ቀጥ አሉ።

«ሰምቻለሁ» አለ ዋርካው።

የኩታዋ ጫፍ በራሱ ተነሳ። የሽማግሌውም ተነሳ። ሁለቱ ጥለቶች መሬት ለመሬት ተጎትተው ተገናኙና ጥብቅ ቋጠሮ ሆኑ። ከኋላ የበሩ መዝጊያ ቋ ሲል ተሰማ። ጥሩአየር ሳቀች፤ ትርኢቱ ይህ ነው ብላ።

«ይቅርታ አባቴ» አለች ቀረብ ብላ። «ቀልዴን ነው። ቦርሳው ግን የእኔ ነው።»

«ያንቺ ነው? እኔ እኮ የተረሳ መስሎኝ ለዘበኛዋ ልሰጥ ነበር» አሉ ሽማግሌው ፈገግ ብለው። «ዳቦ ቆሎ ይሸታል። ለዳቦ ቆሎ የምከሰስ ከሆነ እሺ፣ ትንሽ ዘግኜ ልከሰስ።»

ያኔ ነው እግሯ የቀዘቀዛት። መጀመሪያ ቁርጭምጭሚቷ ላይ የብረት ቀለበት የገባ መሰላት፤ ቀጥሎ ከዚያ በታች እግር እንዳላት ማወቅ አቃታት። ወደ ታች ስታይ ጫማዋ አለ። እግሯ ግን የሌላ ሰው ይመስል ነበር።

«ተሰማሽ?» አሉ ሽማግሌው። ፈገግታቸው ጠፍቷል።

«እርስዎም?»

«እግር ብረት ነው» አለ ዳኛው። ድምፁ የሽማግሌ ድምፅ ነበር፣ የተረጋጋ። «ዋስ የሌለው እስር ይወርዳል። ብረቱ ከእግር ይጀምራል፤ ዋስ እስኪጠራ ወደ ላይ ይወጣል።»

«እስከ የት ነው የሚወጣው?» አለች ጥሩአየር።

«እስኪጠራ።»

እጇን ወደ ማጅራቷ ሰደደች፣ ኩታውን መንጭቃ ልትጥል። ጣቶቿ ጥለቱን ሊነኩ ሲሉ ቆሙ። እሺ አልል አሏት። ሞከረች፣ ደግማ ሞከረች፤ ክንዷ አየር ላይ እየተንቀጠቀጠ ቀረ። ልጓሙ ተፈቷል ማለት ነው፤ ልጓም ያለው ኩታ እጅ አይዝም።

«ሐረገወይን!» ብላ ጮኸች። ግድግዳው ድምፅ እንዳያሳልፍ ተደርጎ የተሠራ ነው፤ ከሳሽና ተከሳሽ እንደልባቸው እንዲጮኹ።

ሽማግሌው አግዳሚው ላይ ተቀመጡ፤ ቋጠሮው ስቧት እሷም አጠገባቸው ወደቀች።

«እንግዳወርቅ እባላለሁ» አሉ፣ እንደ ለቅሶ ቤት ዝግ ብለው። «ከጅማ ነኝ። አርባ ዓመት አሳንሰር ጠግኛለሁ። አሳንሰር መሃል ላይ ሲቆም ሰው በሩን ይደበድባል፤ በሩ ምን አደረገ? መጀመሪያ አሳንሰሩ ምን እንደፈለገ መጠየቅ ነው።» ከሸሚዛቸው ሥር ጢ፣ ጢ የሚል ድምፅ ተሰማ። እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ።

«ምንድን ነው እሱ?»

«የልብ ረዳት ነው። ልቤ ሲሰንፍ የሚገፋልኝ። ከዚህ ኩታ ጋር የተጣሉ ይመስለኛል።»

ጥሩአየር ወደ ዋርካው ዞረች። ብርዱ ጉልበቷን አልፏል። ጭኗን በጡጫ መታችው፤ ጡጫዋ ብቻ አመማት።

«ክሴን አንስቻለሁ። ሰማህ? ክስ የለኝም። ሰውየው ምንም አላጠፉም።»

«ፈርቶ ክስ ያነሳ ሰው ሲረጋጋ መልሶ ይከሳል» አለ ዳኛው። «ዋስ ጥሩ።»

«ወንድ ልጅ አለኝ» አሉ አቶ እንግዳወርቅ። «ጅማ ደውልለት።»

«ወደ ውጭ የሚያደርሰኝ መስመር የለም፤ ተቆርጧል። ዋስ እዚህ ይቁም።»

«እዚህማ ማን አለ? ዘበኛዋን ጥራ!» አለች ጥሩአየር።

ዳኛው ጥያቄውን አልፎ «የከሳሽ ስም» አለ።

«አልማዝ ከበደ» አለች ጥሩአየር። የልማድ ነገር ሆኖ ሳታስበው ወጣ።

«የከተማው መዝገብ እጄ ላይ አለ። አልማዝ ከበደ የሚባሉ ዘጠኝ ሺህ ሴቶች አሉ። ዘጠኝ ሺውም ዛሬ ሌላ ቦታ ናቸው። አንቺ ማንም አይደለሽም። በሰላም መግባትሽን የሚጠይቅ ሰውም የለሽም፤ ባዶ ነው ያስሞላሽው። ለሌለ ሰው ዋስ አይቆምም።»

ጥሩአየር ፍርሃት ታውቃለች። ፍቺ ታውቃለች፣ ባዶ ቤት ታውቃለች። ይሄ ግን ሌላ ነበር። ዓመት ሙሉ የምትናፍቃት፣ ማንም ሳትሆን የምትውልባት ቀን አፍ አውጥታ «ማንም አይደለሽም» አለቻት። እዚህ ብትሞት በአልማዝ ስም ነው የምትቀበረው። ለማን ይደወላል? ፈቃድ ላይ ስለሆነች ላቦራቶሪው ሐሙስ ድረስ እንኳ አይፈልጋትም።

ብርዱ ወገቧን አለፈ። ጢ ጢ የሚለው ድምፅ ፈጠነ። የአቶ እንግዳወርቅ ከንፈር ቀለሙ ተለወጠ፣ ባርኔጣቸው ወድቋል፣ እሳቸው ግን ለማንሳት አልሞከሩም።

«እኔ ነኝ እዚህ ውስጥ የከተትኩዎት» አለች። አለቀሰች። «ለአንዲት ቦርሳ ብዬ። ያውም ቀልድ ብዬ።»

«ስምሽ ማነው ልጄ? እውነተኛው።»

«ጥሩአየር። ጥሩአየር ደምሴ። ከደብረ ብርሃን።»

«ጥሩ» አሉ። ትንፋሽ ሰበሰቡ። ከዚያ ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ፤ «ዳኛው! ለጥሩአየር ደምሴ እኔ ዋስ ነኝ።»

ዋርካው ለአፍታ ደበዘዘ።

«ከሳሽህ ናት።»

«አዎን፣ ናት።»

«ተከሳሽ ለከሳሹ ዋስ ሲሆን መዝገቤ ውስጥ የለም።»

«አይቻልም የሚልስ አለ?»

ዳኛው መዝገቡን ፈተሸ። ፍተሻው ለጥሩአየር ዓመት ሆነባት። ብርዱ የታችኛው ጎድኗ ላይ ደርሷል፤ ስትተነፍስ ግማሽ ትንፋሽ ብቻ ነው የሚገባው።

«አይቻልም የሚል የለም» አለ ዳኛው። «ታውቃታለህ?»

«ከጠዋት ጀምሮ። ሚኒባሱ ሞልቶ ነበር፤ አሥራ ሰባት ሰው አየኝ፣ ከዚያ ሁሉ አንድ ሰው ጠጋ አለልኝ፣ እሷ ናት። ጉልበቷ ሾል ያለ ነው፣ ጎኔን ጨርሶታል። የማውቀው ይህን ያህል ነው።»

«ለዋስነት ይበቃል?»

«ለእኔ በቅቶኛል። ብታጠፋ እኔ ልጠየቅ።»

ጥሩአየር ቀድሞ የሚያልቀው የእሳቸው ጊዜ መሆኑን አየች። ግማሽ ትንፋሿን ይዛ ተናገረች።

«እኔም ለአቶ እንግዳወርቅ ዋስ ነኝ።»

«ስለ እሱ የምታውቂው ምን አለ?»

«ስጠራቸው ቆሙ» አለች። «በሕግ አምላክ ስላቸው በሩ ጋ ደርሰው ነበር። እኔን የሚሰማ ሌላ ሰው አልነበረም። መውጣት ይችሉ ነበር። ቆሙ።»

ቋጠሮው ተፈታ። ሁለቱ ጥለቶች ወለሉ ላይ ዘርፈፍ ብለው ተኙ፣ የማጅራቷ ጥፍሮች ተነቀሉ፣ ደምም ወደ እግሯ እንደ እሳት ተመለሰ። ኩታውን ከራሷም ከሽማግሌውም ላይ ገፍፋ ወረወረችውና ደግፋ አስነሳቻቸው። ጢ ጢ የሚለው ረገብ አለ፣ ግን አልቆመም። እየተንገዳገዱ በሩ ጋ ደረሱ። በሩ አልተከፈተም።

«ክፈት እንጂ!» አለች።

«ነገ ይነቅሉኛል» አለ ዳኛው። አሁን ድምፁ የተረጋጋ አልነበረም። «የሦስት መቶ ዓመት ሙግት አንብቤያለሁ። ሰው ለወንድሙ ዋስ ይሆናል፣ ለጎረቤቱ ይሆናል። ለማያውቀው ለምን እንደሚሆን ግን ሊገባኝ አልቻለም፤ ለእኔ ደግሞ የሚያስፈልገኝ እንደዚያ ያለ ሰው ነው። በጨዋታ ብጠይቅ በጨዋታ ይመልሱልኛል። ስለዚህ ልጓሙን ፈታሁት።»

«ሰው ልትገድል ነበር» አሉ አቶ እንግዳወርቅ።

«አዎን። ተጠያቂ ነኝ። የተጠየቀ ሁሉ ዋስ ይጠራል፤ እኔ የምጠራው የለኝም።»

ጥሩአየር በሩን ተደግፋ ቆመች። ጠላችው። እንዲህ የጠላችው ነገር የለም። በዚያው መጠን ደግሞ፣ አንድ ሰዓት ሙሉ አብሯት የቆየው፣ ማንም የለኝም የሚለው ፍርሃት ከዋርካው ድምፅ ውስጥ ሲወጣ ሰማችውና አወቀችው።

«ነኝ» አለች። «ዋስህ እኔ ነኝ። ክፈት።»

«በፍርሃት ነው?»

«በፍርሃት ነው።»

«እኔም» አለ ዳኛው። በሩ ተከፈተ።

ሐረገወይን ፊታቸውን ስታይ ከወንበሯ ዘላ ተነሳች፤ ሽማግሌውን አስቀመጠች፣ ውሃ አመጣች፣ ሐኪም ጠራች። ሐኪሙ ልባቸውን አዳምጦ በሕይወት መውጣታቸው ተአምር ነው አለ፣ ግን ይተርፋሉ። ሐረገወይን የመውጫውን ቅጽ ከፈተችና ጣቷን ከላዩ ላይ አድርጋ ጠበቀች።

«ብልሽት አለ አይደል? አዎን ይበሉኝና አሁኑኑ ይደመሰሳል። አንድ ደቂቃ አይፈጅም።»

ጥሩአየር አቶ እንግዳወርቅን አየቻቸው።

«አንገት ታንቆ የወጣ ቃል ቃል አይባልም» አሉ ሽማግሌው ቀስ ብለው። «አዎን ብትዪ ማንም አይፈርድብሽም። እኔም አልፈርድም።»

«እርስዎስ ለእኔ ሲቆሙ አልፈሩም ነበር?»

«ፈርቼ ነው እንጂ!» አሉ።

ቅጹን ወደ ራሷ ሳበችው። «ልጓሙን ራሱ ፈትቷል» ብላ ጻፈች። «ሰው ሊገድል ነበር። ከእንግዲህ ከማንም ኩታ ጋር እንዳታገናኙት። እንዳትደመስሱትም። ጠይቁት፤ ይመልሳል።» ከሥሩ ባዶ ቦታ ነበር። «ዋስ፦ ጥሩአየር ደምሴ፣ ደብረ ብርሃን» አለችና የስልክ ቁጥሯን ጨመረች። ዛሬ ስሟን ስትጽፍ ይህ የመጀመሪያዋ ነው።

ሐረገወይን ሁለቴ አነበበችው። «አልማዝ አልነበሩም እንዴ? ደግሞስ እዚህ ቅጽ ላይ ዋስ የሚባል ነገር የለም።»

«አሁን አለ።»

«ዋስ ከሆኑ እኮ እሱ ባጠፋ ቁጥር እርስዎ ይጠራሉ።»

«አውቃለሁ» አለች። ያወቀችው ግን ገና ስትናገረው ነው።

አቶ እንግዳወርቅን ሆቴላቸው አድርሳ፣ ግማሹን ዳቦ ቆሎ ትታላቸው፣ ባቡሩ ሊነሳ ሁለት ደቂቃ ሲቀረው ደረሰች። መንገዱን ሁሉ እጇ ማጅራቷ ላይ ነበር። የመቀመጫዋ ጨርቅ ጫፍ ሲነካት ደነገጠች፤ አጠገቧ የነበረችው ሴት «ደህና ነሽ እህቴ?» ብትላት ራሷን ነቀነቀችላት።

ደብረ ብርሃን ስትወርድ ገና መምሸቱ ነበር፤ ብርዱ እንደ ወትሮው ፊት ይገርፋል። ስልኳ ነዘረ። የማታውቀው ቁጥር ነው፣ ስምም የለውም።

«ዋሴ፣ በሰላም ገባሽ?» ይላል።

ሰው ሁሉ ወደ ቤቱ ሲጣደፍ እሷ መድረኩ ላይ ቆማ ቀረች። መስመር የለኝም ብሎ አልነበር? ማን ቀጠለለት? ነው ወይስ መጀመሪያውኑ ዋሽቷታል? የዋሸ ከሆነ ዋሱ ማን እንደሆነ ታውቃለች። እግሯ ላይ ያ ብርድ የተመለሰ መስሏት ጎንበስ ብላ ጫማዋን ነካች፤ አለ፣ ይሰማታል።

መልስ ሳትሰጠው ብትሄድ ደስ ባላት። ግን ሁለት ዓመት ሙሉ ይህን ጥያቄ የጠየቃት ሰው አልነበረም።

«ገባሁ» ብላ ጻፈችለት።